ያልፈለጉት ሥልጣን፤ የኦላንድ ደሴቶች ራስ ገዝ አስተዳደር አመሠራረትና አሠራር

ጁን 9 ቀን 1922 ማሪየሃምን በምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ አንድ የሕዝብ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ምክር ቤቱን በአፈ ጉባኤነት እንዲመሩ የተመረጡት የጋዜጣ አዘጋጁ ዩሊዩስ ሱንድብሎም ነበሩ። የአስፈጻሚው አካል የመጀመሪያ መሪ የሆኑት ደግሞ ካርል ብዮርክማን ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት፣ ምክር ቤቱ በቆመበት በዚያው አገር መንግሥት፣ በአገር ክህደት ወንጀል ተጠርጥረው ታስረው ነበር። ምክር ቤቱን ያቋቋመው ሕግም እነርሱና ወገኖቻቸው «አንፈልገውም» ብለው የመለሱት ሕግ ነበር። ዛሬ ግን ያ ቀን «የራስ ገዝ አስተዳደር ቀን» ተብሎ በየዓመቱ በደስታ ይከበራል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚተዳደርበት ሕዝብ ያልፈለገው፣ የሰጠውም መንግሥት ተገፍቶ የሰጠው አስተዳደር እንዴት ከመቶ ዓመት በላይ ሊጸና ቻለ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የደሴቶቹን ታሪክና የአስተዳደሩን አሠራር አጣምሮ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቶቹና ጥያቄያቸው

ኦላንድ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል፣ የቦትኒያ ሰላጤ ከባልቲክ ባሕር ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ የተበተኑ ደሴቶች የጋራ መጠሪያ ነው። የደሴቶቹ ቍጥር ከ6,000 የሚበልጥ ሲሆን ሰው የሚኖርባቸው ግን 60 ያህል ብቻ ናቸው። የየብሱ ስፋት ከ1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የሕዝቡም ቍጥር 30,000 ገደማ ነው። የሕዝቡ ቋንቋ ስዊድንኛ ነው። ኑሮውም ከጥንት ጀምሮ በእርሻ፣ በዓሣ ማጥመድና በተለይም በመርከብ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። የማሪየሃምኑ ባለመርከብ ጉስታፍ ኤሪክሰን፣ የእንፋሎትና የናፍጣ ሞተር ባሕሩን ከያዘ በኋላ እንኳ፣ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ በሸራ የሚሄዱ ታላላቅ መርከቦችን አሰማርተው ከአውስትራሊያ ወደ አውሮፓ ስንዴ ያጓጉዙ ነበር።

ደሴቶቹ የተቀመጡበት ሥፍራ ከስፋታቸው ጋር የማይመጣጠን ዋጋ ሰጥቷቸዋል። ኦላንድን የያዘ ኃይል ወደ ስቶክሆልም የሚያደርሰውንም ሆነ ወደ ቦትኒያ ሰላጤ የሚያስገባውን የባሕር መንገድ ለመቆጣጠር ይችላል። ስዊድን በ1809 በጦርነት ተሸንፋ ፊንላንድን ለሩሲያ ስታስረክብ ኦላንድም አብሮ ሄደ። ሩሲያም በ1832 ቡማርሱንድ በተባለው ሥፍራ ታላቅ የድንጋይ ምሽግ መሥራት ጀመረች። ምሽጉ ገና ሳያልቅ የክሪሚያ ጦርነት ተነሣና በኦገስት 1854 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ደብድቦ ያዘው፤ ቀጥሎም በፈንጂ አፈረሰው። በ1856 በፓሪስ በተደረገው የሰላም ስምምነት ሩሲያ በደሴቶቹ ላይ ምሽግ እንዳትሠራና የጦር ሰፈር እንዳታቋቁም ተስማማች። ኦላንድ ከጦር ኃይል ነጻ የሆነ ምድር ተብሎ የሚታወቅበት ታሪክ የተጀመረው ከዚህ ነው።

የአስተዳደሩ ጥያቄ የተነሣው ግን በ1917 ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት፣ የሩሲያ ዘውድ ወድቆ ፊንላንድም ገና ነጻነቷን ሳታውጅ፣ የኦላንድ ወረዳዎች ተወካዮች በፊንስትሮም በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በምሥጢር ተሰብስበው ከስዊድን ጋር እንደገና ለመዋሐድ ወሰኑ። በዓመቱ መጨረሻ በተሰበሰበው ፊርማም ለአካለ መጠን የደረሰው ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይህንኑ ፍላጎት ደገፈ። የሥጋታቸው ምክንያት ግልጽ ነበር። በፊንላንድ ስዊድንኛ ተናጋሪው ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ አዲሲቱ አገር በፊንላንድኛ ተናጋሪው ብሔራዊ ስሜት ስትመራ ቋንቋቸው በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ውስጥ እንዳይጠፋ ፈሩ።

ፊንላንድ ዲሴምበር 6 ቀን 1917 ነጻነቷን ያወጀችው ሕዝቦች ዕድላቸውን በራሳቸው ይወስኑ በሚባልበት ዘመን ነበር። ይህንኑ መብት ለኦላንድ ለመስጠት ግን ፈቃደኛ አልሆነችም። በለውጡ ሜይ 6 ቀን 1920 የፊንላንድ ፓርላማ ለደሴቶቹ ሰፊ የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራፋኤል ኤሪክም ሕጉን ለማስረዳት በጁን ወር ማሪየሃምን ድረስ ሄዱ። የደሴቶቹ መሪዎች የምንፈልገው ውሕደት እንጂ ራስ ገዝነት አይደለም ብለው መለሱላቸው። ሱንድብሎምና ብዮርክማን የታሰሩት ከዚህ በኋላ ነው።

የመንግሥታት ማኅበር ውሳኔ

ጠቡ ስዊድንንና ፊንላንድን እንዳያዋጋ የሠጋችው ብሪታንያ ጉዳዩን ገና በመቋቋም ላይ ለነበረው ለመንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ፊንላንድ ነገሩ የውስጥ ጉዳዬ ነው ብላ ተከራከረች። ማኅበሩ የሰየማቸው ሦስት የሕግ ሊቃውንት ግን ጥያቄው የተነሣው የፊንላንድ መንግሥትነት ገና ባልጸናበት ጊዜ ስለ ሆነ ማኅበሩ ሊመለከተው ይችላል ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ቀጥሎ የተላከው አጣሪ ኮሚሽን በ1921 ያቀረበው ሪፖርት የነገሩን አቅጣጫ ወሰነ። ኮሚሽኑ አንድ አናሳ ወገን ስለ ፈለገ ብቻ ከመንግሥቱ የመለየት መብት አለው ማለት የመንግሥታትን ሥርዓት ያፈርሳል ሲል ተከራከረ። ሆኖም ያ ወገን ቋንቋውንና ባህሉን የሚጠብቅበት እውነተኛ ዋስትና ሊያገኝ እንደሚገባው፣ ፊንላንድ ዋስትናውን ከከለከለች ግን የመለያየቱ ጥያቄ ለሕዝቡ ሊቀርብ እንደሚገባ አመለከተ።

በዚህ መሠረት የማኅበሩ ምክር ቤት ጁን 24 ቀን 1921 ሉዓላዊነቱ የፊንላንድ ነው ሲል ወሰነ። ከሦስት ቀን በኋላ ፊንላንድና ስዊድን በዋስትናዎቹ ዝርዝር ላይ ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች በስዊድንኛ ያስተምራሉ፤ የደሴቶቹ መሬት በነዋሪዎቹ እጅ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከሌላ የፊንላንድ ክፍል የሚመጣ ሰው አምስት ዓመት ሳይኖር በአካባቢ ምርጫ አይካፈልም፤ ከመሬት ግብር ከሚገኘው ገቢ ግማሹ ለደሴቶቹ ይውላል፤ አገረ ገዥውም ያለ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ስምምነት አይሾምም። አቤቱታ ቢኖር በፊንላንድ መንግሥት በኩል ለማኅበሩ ምክር ቤት ይቀርባል። ኦክቶበር 20 ቀን 1921 ደግሞ አሥር መንግሥታት በፈረሙት ውል ደሴቶቹ ከጦር ኃይል ነጻ ብቻ ሳይሆኑ በጦርነት ጊዜም ገለልተኛ እንዲሆኑ ተደረገ።

ሦስቱም ወገኖች የፈለጉትን ሙሉ በሙሉ አላገኙም። ፊንላንድ ምድሩን ስታገኝ እንዳሻት የምታዝበትን ሥልጣን አጣች። ስዊድን ከጠላት ምሽግ ሥጋት ስትድን ደሴቶቹን አጣች። ኦላንዳውያንም ቋንቋቸውንና መሬታቸውን ሲያስከብሩ የመረጡትን አገር አጡ። ኢትዮጵያ በ1923 አባል የሆነችበትና በ1935 ኢጣሊያ ስትወራት ሊያድናት ያልቻለው ይኸው ማኅበር መሆኑን ከዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በኦላንድ የተሳካለት የሚያስገድድበት ኃይል ኖሮት ሳይሆን ሁለቱም ተከራካሪ መንግሥታት ውሳኔው ቢከፋቸውም ለማክበር ስለ ፈቀዱ ነው።

ባለ ሁለት ቁልፉ ሕግ

የመንግሥታት ማኅበር በ1946 ሲፈርስ የኦላንድ ዋስ ሞተ። የዋስትናው ውል አቤት የሚባልበት ሸንጎ ሳይኖረው ቀረ። እንዲህ ያለ የራስ ገዝ አስተዳደር ዋሱ በጠፋ ማግሥት ቀስ በቀስ ቢሸረሸር አያስገርምም ነበር። በኦላንድ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1951 የወጣው ሁለተኛው የራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ ሥልጣኑን ከመጀመሪያው ይልቅ ግልጽ አደረገው። በ1991 ወጥቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ሥራ ላይ የዋለው ሦስተኛው ሕግ ደግሞ አሰፋው።

ምሥጢሩ ያለው በሕጉ የማሻሻያ አንቀጽ ውስጥ ነው። የራስ ገዝ አስተዳደሩ ሕግ ሊሻሻል ወይም ሊሻር የሚችለው የፊንላንድ ፓርላማ ሕገ መንግሥት በሚሻሻልበት ሥርዓት ሲያጸድቀውና የኦላንድ ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበለው ብቻ ነው። ይህም ማለት ሕጉ ቁልፎቹ በሁለት ሰዎች እጅ እንደሚቀመጡ የዕድር ሣጥን ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። 5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት ፊንላንድና 30,000 ሕዝብ ያለው ኦላንድ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ እኩል ናቸው። የውጭው ዋስ ከሞተ በኋላ ራስ ገዝነቱን በሕይወት ያቆየው ይህ የውስጥ መቈለፊያ ነው።

የሥልጣን ክፍፍል

የኦላንድ ምክር ቤት ላግቲንግ ይባላል፤ እስከ 1993 ድረስ መጠሪያው ላንስቲንግ ነበር። 30 አባላት ሲኖሩት በየአራት ዓመቱ በኦክቶበር ወር ደሴቶቹ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ተቈጥረው በተመጣጠነ ውክልና ይመረጣሉ። የአስፈጻሚው አካል መሪ ላንትሮድ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት እንደ ዛሬው የተደራጁ የፖለቲካ ፓርቲዎች አልነበሩም፤ ፓርቲዎች በጉልህ የተቋቋሙት በ1970ዎቹ ነው። መንግሥቱ የምክር ቤቱን አብላጫ አመኔታ ይዞ እንዲሠራ በሕግ የተደነገገው በ1988 ነው። በተጨማሪ ኦላንድ 200 መቀመጫ ባለው የፊንላንድ ፓርላማ አንድ ተወካይ አለው።

የሥልጣን ክፍፍሉ የተመሠረተው በሁለት ዝርዝሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው ላግቲንግ ብቻውን ሕግ የሚያወጣባቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል። ከእነዚህም ውስጥ ትምህርት፣ የጤና አገልግሎት፣ ባህል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የወረዳዎች አስተዳደር፣ ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ እርሻና ደን ይገኙበታል። ሁለተኛው ለፊንላንድ መንግሥት የተተዉትን ይዘረዝራል። እነርሱም የውጭ ጉዳይ፣ አብዛኛው የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፍርድ ቤቶች፣ ጉምሩክና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ግብር ናቸው።

የማኅበሩን አባላት ሙያ በሚመለከት ረገድ ክፍፍሉ ምን ያህል ዝርዝር እንደ ሆነ ማየት ይቻላል። የሕንፃ ሥራና የከተማ ፕላን፣ መንገዶችና ቦዮች፣ የጀልባ መጓጓዣና የአካባቢ የመርከብ መተላለፊያዎች የላግቲንግ ናቸው። ሰፊው የንግድ መርከብ ሥራ፣ ዋና ዋና የመርከብ መሥመሮችና የአየር በረራ ግን የፊንላንድ ናቸው። በአንድ ወሽመጥ ውስጥ ያለ ትንሽ መተላለፊያና ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው ታላቅ መሥመር በሁለት ሕግ አውጪዎች ሥር ይሆናሉ ማለት ነው። የኑክሊየር ኃይልም የፊንላንድ ሥልጣን ነው። ነገር ግን በኦላንድ ምድር የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ወይም ለዚሁ የሚያገለግል ቍስ ለማከማቸት የኦላንድ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥልጣኑ የሌላው ሲሆን እንኳ ጉዳቱ የሚደርስበት ወገን እንዲጠየቅ ተደርጓል።

አንድ ሕግ እንዴት ይጸድቃል?

ወሰን በወረቀት ላይ ማስመር ቀላል ነው፤ ችግሩ ወሰኑ ሲያከራክር ማን ይፈርዳል የሚለው ነው። ላግቲንግ ያጸደቀው ሕግ ወደ ፊንላንድ የፍትሕ ሚኒስቴርና «የኦላንድ ልዑካን» ወደሚባለው አካል ይላካል። ይህ አካል አምስት ሰዎች ያሉበት የባለሙያዎች ጉባኤ ነው። ሁለቱን የፊንላንድ መንግሥት፣ ሁለቱን ላግቲንግ ይመርጣል፤ አገረ ገዥው ሊቀ መንበር ይሆናል። ጉባኤው ሕጉ ከላግቲንግ ሥልጣን ወሰን ማለፍ አለማለፉን መርምሮ አስተያየቱን ይሰጣል። ጥርጣሬ ካለ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አስተያየት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የፊንላንድ ፕሬዚዳንት የላግቲንግ ውሳኔ ለፍትሕ ሚኒስቴሩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ሕጉን በሙሉ ወይም በከፊል ሊሽሩት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ሊሽሩ የሚችሉባቸው ምክንያቶች ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። አንደኛው ላግቲንግ ከሥልጣኑ ወሰን ያለፈ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ሕጉ የአገሪቱን የውስጥ ወይም የውጭ ጸጥታ የሚነካ እንደ ሆነ ነው። ሕጉ ጥበብ ይጎድለዋል፣ ወጪ ያበዛል ወይም በሌላው የፊንላንድ ክፍል ከሚሠራበት ሕግ ይለያል ተብሎ መሻር አይቻልም። ስለዚህ ክርክሩ ሁልጊዜ የሥልጣን ወሰን ክርክር ነው፤ የፖሊቲካ ጥላቻ የሕግ ልብስ ለብሶ እንዲገባ የተተወለት በር ጠባብ ነው።

የአገረ ገዥው አሿሿምም ይህንኑ መንፈስ ይከተላል። አገረ ገዥው በደሴቶቹ የፊንላንድን መንግሥት የሚወክል ሹም ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚሾሙት ከላግቲንግ አፈ ጉባኤ ጋር ተስማምተው ነው። ስምምነት ከታጣ ላግቲንግ አምስት ሰዎችን ያቀርብና ፕሬዚዳንቱ ከአምስቱ አንዱን ይሾማሉ። የማዕከሉ እንደራሴ የአካባቢው ሰዎች ፈጽሞ የማይቀበሉት ሰው ሊሆን አይችልም።

ገንዘብ

የራስ ገዝ አስተዳደር እውነተኛ መለኪያ ካዝናው ነው። በኦላንድ ግብርና ቀረጥ የሚሰበስበው የፊንላንድ መንግሥት ሲሆን ከገቢው ድርሻውን ለኦላንድ ይመልሳል። እስከ 1992 ድረስ በነበረው አሠራር የድርሻው ልክ የሚወሰነው የደሴቶቹ ወጪ እየተመረመረ ስለ ነበረ፣ ራስ ገዝ የተባለው አስተዳደር ለወጪው ምክንያት ያቀርብ ነበር። የ1993ቱ ሕግ ይህን ለወጠው። ከመንግሥት ብድር በስተቀር የፊንላንድ ጠቅላላ ገቢ 0.45 በመቶ ለኦላንድ እንዲሰጥ፣ ገንዘቡም በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ላግቲንግ ብቻ እንዲወስን ተደነገገ። የስሌቱ መሠረት ኋላ ተሻሽሎ ከሕዝብ ብዛት ጋር ተያይዟል። ድርሻውን አስልቶ የሚያጸናውም ከላይ የተጠቀሰው የኦላንድ ልዑካን ጉባኤ ነው።

ለውጡ ጥቅሙ ሁለት ነው። የደሴቶቹ መንግሥት ለትምህርት ቤት ወይም ለጀልባ የሚያወጣውን ገንዘብ ማንም እየቈጠረ አይጠይቀውም፤ ቢያባክንም ጉዳቱ የራሱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው። የግብር ሕግ በማዕከሉ እጅ እስካለ ድረስ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰበሰብ አይወስንም። ብዙ ኦላንዳውያን የግብር ሥልጣን ወደ ደሴቶቹ እንዲዛወር የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የአገር ልጅነት መብት

በኦላንድ አሠራር ውስጥ እንግዳን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ከዜግነት ሥር ያለ ሌላ ልዩ መብት ነው። በስዊድንኛ ሄምቢግድስሬት ይሉታል፤ በአማርኛ የአገር ልጅነት መብት ሊባል ይችላል። ከወላጆቹ አንዱ ይህ መብት ያለው ሕፃን በውልደት ያገኘዋል። ከውጭ የመጣ የፊንላንድ ዜጋ ግን በደሴቶቹ አምስት ዓመት ከኖረና በቂ ስዊድንኛ ካወቀ በማመልከቻ ያገኛል። መብቱ የሌለው ሰው ለላግቲንግ ሊመርጥና ሊመረጥ አይችልም፤ ያለ ልዩ ፈቃድም መሬት ሊይዝ ወይም የንግድ ሥራ ሊያካሂድ አይችልም። ኦላንዳዊው ራሱ ደሴቶቹን ለቆ ከአምስት ዓመት በላይ በሌላ ሥፍራ ቢኖር መብቱን ያጣል። መብቱ ያላቸውና ከ12 ዓመት ዕድሜያቸው በፊት ጀምሮ በደሴቶቹ የኖሩ ወጣቶችም ከወታደራዊ አገልግሎት ነጻ ናቸው።

በ1921 የተፈራው ነገር መሬት በገበያ ተሸጦ ቋንቋ ከመሬቱ ጋር አብሮ እንዳይሄድ ነበር፤ ይህ መብት የዚያ ሥጋት መልስ ነው። ዋጋም አለው። በደሴቶቹ ላይ የሚሠራና ግብር የሚከፍል አዲስ መጤ ለዓመታት የላግቲንግ ምርጫን ከውጭ ሆኖ ይመለከታል። አናሳን ለመጠበቅ የተሠራ ግድግዳ ከበስተ ውስጥ ሌላ አናሳ መፍጠሩ እውነት ነው። ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር በበዛበት በዛሬው ዘመን ይህ ክርክር እየጐላ መጥቷል።

ሦስተኛው ወገን ሲገባ

ሁለት ወገኖችን አስቦ የተሠራው አሠራር በእርግጥ የተፈተነው ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ነው። ፊንላንድ በ1994 የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን ስትወስን የውል ስምምነቱ የላግቲንግን ሥልጣን የሚነካ ስለ ሆነ በኦላንድ እንዲጸና የላግቲንግ ፈቃድ አስፈለገ። ኦላንዳውያን ኖቬምበር 20 ቀን 1994 ለብቻቸው በሰጡት ሕዝበ ውሳኔ አባልነቱን በ73.6 በመቶ ድምፅ ተቀበሉ። ከአባልነቱ ጋር በተያያዘው ልዩ ፕሮቶኮል የአገር ልጅነት መብትና የመሬት ይዞታ ገደቡ ተጠበቀላቸው። ደሴቶቹም በሽያጭና በመሰል ቀጥተኛ ያልሆኑ ታክሶች ረገድ ከኅብረቱ የታክስ ክልል ውጭ ሆኑ። በፊንላንድና በስዊድን መካከል የሚመላለሱት ታላላቅ የመንገደኛ መርከቦች በኦላንድ ወደቦች የሚያርፉትና በመርከቡ ላይ ከቀረጥ ነጻ ሽያጭ የሚካሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ የማውጣቱ ሥራ በከፊል ወደ ብራስልስ ሲዛወር በሁለቱ ዝርዝሮች የሰፈረው ወሰን አንዳንድ ጊዜ ፋይዳ አጣ። በ2006 የአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ በአፍ የሚያዝ የትምባሆ ዓይነት የሆነው ስኑስ ኦላንድ ውስጥ ባለመከልከሉ፣ ፊንላንድን ጥፋተኛ አደረጋት። ሕጉን ማውጣት የነበረበት ላግቲንግ ነው፤ የተከሰሰችው ፊንላንድ ናት፤ ኦላንድ ግን በችሎቱ ፊት ራሱን ችሎ ሊቆም አልቻለም። በአውሮፓ ፓርላማም ለደሴቶቹ የተለየ መቀመጫ የለም። ይህ ቅሬታ ዛሬም አልተፈታም።

የጦር ኃይል ነጻነቱም እንዲሁ አዲስ ጥያቄ ገጥሞታል። ፊንላንድ ኤፕሪል 4 ቀን 2023 የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን አባል ስትሆን የደሴቶቹ ሁኔታ አልተለወጠም። ነገር ግን በ1856 የተጀመረው ሥርዓት ለዘመኑ የጸጥታ ሥጋት ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ክርክር በፊንላንድ ውስጥ ተነሥቷል። ለኦላንዳውያን ግን ጉዳዩ የመከላከያ ብቻ አይደለም፤ ከጦር ኃይል ነጻ መሆን ከራስ ገዝነታቸው ጋር አብሮ ያደገ የማንነታቸው ክፍል ነው።

መደምደሚያ

የኦላንድን ታሪክ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የፌዴሬሽን ዘመን ጋር ማነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። የኤርትራ ፌዴሬሽንም በዓለም አቀፍ ድርጅት ውሳኔ የተወለደ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ወሰነው፤ በሴፕቴምበር 1952 ሥራ ላይ ዋለ። ኤርትራ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማና የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። ከሁለቱም ወገን በእኩል ቍጥር የሚቀመጡበት የንጉሠ ነገሥቱ የፌዴራል ምክር ቤት የተባለ አካልም በሕጉ ተጠቅሷል። ነገር ግን ሥልጣኑ ምክር ከመስጠት አያልፍም ነበር። ሰንደቅ ዓላማው በ1958 ወረደ፤ በ1960 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው መጠሪያ ወደ «አስተዳደር» ዝቅ አለ፤ በኖቬምበር 1962 ፌዴሬሽኑ ራሱ ቀረ። ከዚያ የተከተለው እስከ 1991 የዘለቀ ጦርነት ለማንም የተሰወረ አይደለም።

በርግጥ ሁለቱ ሁኔታዎች በሕዝብ ብዛት፣ በዘመንና በአካባቢው ፖለቲካ እጅግ የተለያዩ ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው መለካት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ይታያል። ከውጭ የተሰጠ ዋስትና ሰጪው እስካለና እስካስታወሰው ድረስ ብቻ ይሠራል። ዘላቂ የሚያደርገው ጠንካራው ወገን ብቻውን ሊከፍተው የማይችል ቁልፍ፣ ክርክር ሲነሣም ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ በአገሩ ሕግ ውስጥ መኖሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካሉ በኋላ እንኳ ጠንካራው ወገን ሕጉን ለማክበር ካልፈቀደ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ፊንላንድ በ1920 ያሰረቻቸውን ሰዎች በ1922 የምክር ቤትና የመንግሥት መሪዎች አድርጋ መቀበሏ የዚያ ፈቃድ የመጀመሪያው ምልክት ነበር።

የኦላንድ አሠራር ዛሬ የሚከፍለው ዋጋም ከዚሁ ቁልፍ የመጣ ነው። አራተኛ የራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ ለማውጣት ለዓመታት በተካሄደው ድርድር ሁለቱ ወገኖች በሥልጣን ዝርዝሩና በሌሎችም ነጥቦች ላይ ሳይስማሙ ቆይተዋል። አንዱ ያለ ሌላው አንድ አንቀጽ ሊነካ ስለማይችልም የ1991ዱ ሕግ መሠረቱ ሳይለወጥ ይሠራበታል። ማፍረስን የከለከለ ቁልፍ ማደስንም ያዘገያል። በ2003 ሙሉ ነጻነት የሚጠይቅ ፓርቲ በላግቲንግ ጥቂት መቀመጫ ማግኘቱ የዚህ ትዕግሥት ማጣት ምልክት ነበር። የቀሩት ኦላንዳውያን ግን በየአራት ዓመቱ ድምፃቸውን የሚሰጡት፣ ከአያቶቻቸው መካከል ማንም ያልመረጠውን አሠራር ለማሻሻል እንጂ ለማፍረስ አይደለም።